ነፋሱ የማን ነው? በከተማ መሀል የቀሩ የነፋስ ወፍጮዎችና ጥበቃቸው

በአምስተርዳም ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከውኃ ቦይ ዳር፣ ደ ኾየር የሚባል ከእንጨት የተሠራ ግዙፍ የነፋስ ወፍጮ ቆሟል። ወፍጮው የቀድሞ ቦታውን ለቅቆ አሁን ወዳለበት የተዛወረው በ1814 ነው። በአጠገቡ ትልቅ የጦር ሰፈር ተሠራ። የጦር ሰፈሩ የወፍጮውን ግድግዳ አልነካም፣ መሬቱንም አልወሰደም። የከለለው ነፋሱን ብቻ ነው፤ ለነፋስ ወፍጮ ግን ከዚህ የከፋ ጉዳት የለም። ስለዚህ ተነቀለና ሌላ ወፍጮ ፈርሶ በቀረ የድንጋይ መሠረት ላይ እንደገና ተተከለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነፋስ ወፍጮን ከሌሎች የከተማ ቅርሶች የሚለየው ጉዳይ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ አሮጌ ቤተ መንግሥት ወይም ድልድይ ሕልውናው በራሱ ቅጥር ውስጥ ነው፤ ግድግዳውን ከጠበቁ፣ ጣሪያውን ከጠገኑ ጸንቶ ይኖራል። የነፋስ ወፍጮ ግን የሚንቀሳቀስበት ኃይል ከቅጥሩ ውጭ ነው። በጎረቤት ጣሪያ፣ በመንገድ ዳር ዛፍ፣ ነገ ፎቅ ሊሠራበት በታሰበ ባዶ ቦታ ላይ አልፎ ይመጣል። ሕንፃውን ብቻ የሚጠብቅ ሕግ ሕንፃውን ያቆየው ይሆናል እንጂ ወፍጮውን አያቆየውም። ብዙ ከተሞች ይህን የተረዱት ዘግይተው ነው።

ከክንፉ እስከ ድንጋዩ

ጉዳዩን ለመረዳት መጀመሪያ የወፍጮውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በነፋስ የሚሠራ ወፍጮ ቀደም ብሎ የታወቀው በዛሬው የኢራንና የአፍጋኒስታን ድንበር አካባቢ፣ በሲስታን ነው። በ10ኛው መቶ ዓመት የነበሩ የጂኦግራፊ ጸሐፊዎች አንሥተውታል። የእነዚህ ወፍጮዎች ዘንግ ቀጥ ብሎ የቆመ ስለነበር ክንፎቹ ወደ ጎን ይሽከረከሩ ነበር። በአውሮፓ ከ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፋው ግን ክንፎቹ ነፋሱን ፊት ለፊት የሚገጥሙት ዓይነት ነው። ይህ ዓይነቱ የበለጠ ኃይል ይሰጣል፤ ነገር ግን ነፋሱ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር ወፍጮውም ፊቱን ማዞር አለበት። የመጀመሪያው መፍትሔ ሙሉ ቤቱን በአንድ ወፍራም ምሰሶ ላይ አስቀምጦ እንዳለ ማዞር ነበር። በኋላ የመጣው መፍትሔ ግንቡ ባለበት ቆሞ ክንፎቹን የተሸከመው የላይኛው ክፍል፣ ማለትም ቆቡ ብቻ እንዲዞር ማድረግ ነው። በከተሞች ውስጥ ዛሬ የምናያቸው አብዛኞቹ የዚህ የሁለተኛው ዓይነት ናቸው። ቆቡን ሰው ከኋላው በተንጠለጠለ ረጅም ግንድ እየጎተተ ያዞረዋል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ኤድመንድ ሊ የተባለ ሰው በ1745 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ዘዴ አለ፤ ከቆቡ ጀርባ የተገጠመች ትንሽ ተሽከርካሪ ነፋሱ ሲዞር አብራ እየዞረች ቆቡን ራሷ ታስተካክለዋለች።

ከዚያ ኃይሉ ወደ ታች ይወርዳል። ክንፎቹ የተተከሉበት ወፍራም ዘንግ ቆቡ ውስጥ ትልቅ ባለጥርስ መንኮራኩር ተሸክሟል። የዚህ መንኮራኩር ጥርሶች ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የሚወርደውን ምሰሶ ያሽከረክራሉ፤ ምሰሶው ደግሞ በድንጋዮቹ ወለል ላይ ሌላ ትልቅ መንኮራኩር አለው፤ እሱ በተራው የላይኛውን የወፍጮ ድንጋይ ያዞራል። ከትልቅ መንኮራኩር ወደ ትንሽ በተሸጋገረ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል። ክንፎቹ በደቂቃ 20 ጊዜ ያህል ሲዞሩ ድንጋዩ ከ100 ጊዜ በላይ ይዞራል። የታችኛው ድንጋይ አይንቀሳቀስም።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ እህሉ የሚገባበት መንገድ ነው። ከድንጋዮቹ በላይ አፈ ሰፊ የእንጨት ሣጥን አለ፤ እህሉ ከሣጥኑ ወርዶ ዘንበል ባለች አሸንዳ በኩል ወደ ድንጋዩ መሀል ይፈስሳል። አሸንዳዋን የሚያንቀጠቅጣት ራሱ የሚዞረው ዘንግ ነው። ነፋሱ ሲበረታ ዘንጉ ይፈጥናል፣ አሸንዳዋ ቶሎ ቶሎ ትንቀጠቀጣለች፣ እህሉም ይበዛል። ነፋሱ ሲደክም ሁሉም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ማንም ሳያዝዘው ወፍጮው አቅሙን ያህል ብቻ ይጎርሳል። ብዙ ወፍጮዎች ደግሞ ደወል አላቸው። በሣጥኑ ውስጥ ያለው እህል ሊያልቅ ሲል ደወሉ ይጮኻል። ደወሉ ለጌጥ የተሰቀለ አይደለም፤ እህል በመካከላቸው ሳይኖር የሚሽከረከሩ ሁለት ድንጋዮች ተፋጭተው የእሳት ፍንጣሪ ያወጣሉ፣ በአየር ላይ የተንሳፈፈ የዱቄት ብናኝ ደግሞ በቀላሉ ይቀጣጠላል። በታሪክ ከተቃጠሉት የእንጨት ወፍጮዎች ብዙዎቹ የጠፉት በእንዲህ ዓይነቱ እሳት፣ ወይም በማዕበል ጊዜ ከተጨናነቀ የእንጨት ፍሬን በተነሣ ግለት ነው።

ከተማው ወፍጮውን ሲውጠው

ወፍጮ በከተማ መሀል ምን ይሠራል? አንዳንዶቹ ከመጀመሪያውም የከተማ ነበሩ። በኔዘርላንድስ የከተማው መከላከያ ቅጥር ከፍ ያለና ፊቱ ገላጣ ስለነበር ወፍጮ የሚተከለው እዚያ ላይ ነበር፤ ከበባ ቢመጣም ዱቄቱ በቅጥሩ ውስጥ ይቀራል። በላይደን ከተማ በ1743 የተሠራው ደ ፋልክ የዚህ ምሳሌ ነው፤ ሰባት ወለል ያለው ግንብ ሲሆን ዛሬ ሙዚየም ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ቅጥሮቹ እየፈረሱ ለመንገድና ለመኖሪያ ቤት ሲለቀቁ ብዙዎቹ ወፍጮዎች አብረው ሄዱ።

ስኪዳም የተባለችው ከተማ የወሰደችው መንገድ የተለየ ነው። ለአረቄ የሚሆን ብቅል የሚፈጩት ወፍጮዎቿ በቤቶች ስለተከበቡ ነፋስ ለማግኘት ወደ ላይ ማደግ ነበረባቸው። በ1803 የተሠራው ደ ኖርድ እስከ ቆቡ 33.3 ሜትር ይደርሳል። ከዓለም ረጃጅም ጥንታዊ ወፍጮዎች መካከል ግንባር ቀደም የሆኑት በዚህች ትንሽ ከተማ መገኘታቸው ከጎረቤት ጣሪያ ጋር የተደረገ የከፍታ ውድድር ውጤት ነው። ግንቡ እንዲህ ሲረዝም ክንፎቹ ከመሬት ስለሚርቁ፣ በክንፎቹ ላይ ነፋስ የሚይዘውን ሸራ የሚዘረጋውና የሚያጥፈው ሰው የሚቆምበት ሰገነት በግንቡ ወገብ ላይ ይሠራል። ከታች ሆኖ ሲመለከቱት በረንዳ የሚመስለው ያ ሰገነት የሥራ ቦታ ነው።

ሌሎቹ ደግሞ የገጠር ወፍጮዎች ነበሩ፤ ከተማው ራሱ መጣባቸው። በደቡብ ለንደን ያለው የብሪክስተን ወፍጮ በ1816 ሲሠራ ዙሪያው ሜዳ ነበር። አሽቢ የተባለ ቤተሰብ ይዞት እህል ሲፈጭ ኖሮ፣ ቤቶች እየከበቡት ሲመጡ በ1862 በነፋስ መፍጨት አቆመ። ቤተሰቡ ሥራውን በውኃ ኃይል ወደሚሠራ ሌላ ወፍጮ አዛወረ፤ ክንፎቹም ተነሡ። በ1902 እንደገና ሲመለሱ ይዘው የመጡት ሞተር ነበር፤ በመጀመሪያ በእንፋሎት፣ በኋላ በጋዝ እየሠራ እስከ 1934 ፈጨ።

ነፋሱ ባይዘጋም እንኳን ዘመኑ አልፎ ነበር። ከ1870ዎቹ ጀምሮ የብረት ሲሊንደር ወፍጮዎች ተስፋፉ፤ የበለጠ ነጭ ዱቄት አወጡ፣ ሌት ተቀን ሠሩ፣ ከወደብ አጠገብ ተተክለው ከመርከብ በቀጥታ እህል ተቀበሉ። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኔዘርላንድስ ወደ 10,000 የሚጠጉ የነፋስ ወፍጮዎች ነበሩ፤ ዛሬ የቀሩት ከ1,000 ጥቂት ከፍ ይላሉ። እነዚህም የቀሩት የሚሟገትላቸው ሰው ስለነበረ ነው፤ ለወፍጮዎች ጥበቃ የቆመው የደች ማኅበር የተቋቋመው በ1923 ነው።

የነፋስ ሒሳብ

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንግባ። «ከወፍጮው 200 ሜትር ርቆ የሚሠራ ሕንፃ ምን ይጎዳዋል?» የሚል ጥያቄ በየከተማው የዕቅድ ስብሰባ ላይ ይነሣል፤ ጠያቂው ብዙ ጊዜ በቅንነት ነው የሚጠይቀው። መልሱ በፊዚክስ ውስጥ ነው። ነፋስ የሚሰጠው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ከፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ነው የሚያድገው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በተገላቢጦሽም እንዲሁ ነው፤ አንድ ሕንፃ የነፋሱን ፍጥነት በ20 በመቶ ብቻ ቢቀንሰው ለወፍጮው የሚደርሰው ኃይል በግማሽ ያህል ይወርዳል። ነዋሪው በፊቱ ላይ ልዩነቱን አያስተውለውም። ወፍጮው ግን ድንጋዩን ማንቀሳቀስ ያቅተዋል።

ሁለተኛው ጉዳት መናወጥ ነው። ነፋስ በሕንፃ ላይ ሲያልፍ ከኋላው ይሰባበራል፣ ይጠማዘዛል፤ የተረበሸው አየር ከሕንፃው ቁመት ብዙ እጥፍ እስከሚሆን ርቀት ድረስ አይረጋጋም። እንዲህ ያለ ነፋስ አንዱን ክንፍ ሲገፋ ሌላውን ይተወዋል፣ ድንገት ይበረታል፣ ድንገት ይጠፋል። ክንፎቹንና ዘንጉን የሚያደክመው፣ አንዳንዴም የሚሰብረው ይኸው ነው። ስለዚህ በሕንፃ የተከበበ ወፍጮ ኃይሉን ከማጣቱም በላይ ለማሽከርከርም አደገኛ ይሆናል።

በኔዘርላንድስ ለዚህ መልስ እንዲሆን የተቀረጹ ደንቦች አሉ። በደቡብ ሆላንድ አውራጃ የሚሠራበት አካሄድ እንዲህ ነው፦ ከወፍጮው በ100 ሜትር ዙሪያ ውስጥ ማንኛውም ሕንፃም ሆነ ተክል፣ ክንፉ ቀጥ ብሎ ሲቆም የታችኛው ጫፉ ካለበት ከፍታ መብለጥ የለበትም። ከ100 እስከ 400 ሜትር ባለው ርቀት ግን እየራቀ ሲሄድ ትንሽ ትንሽ ከፍ ማለት ይፈቀዳል። በገላጣ ስፍራ የሚፈቀደው ጭማሪ የርቀቱ አንድ መቶኛ ሲሆን፣ ቤት በበዛበት ስፍራ ደግሞ አንድ ሠላሳኛ ነው። በቁጥር እንየው። የክንፉ የታችኛው ጫፍ ከመሬት 10 ሜትር ከፍታ ላይ ነው እንበል። በ90 ሜትር ርቀት ላይ የሚሠራ ቤት ከ10 ሜትር መብለጥ አይችልም። በ300 ሜትር ርቀት ላይ ግን በከተማ ውስጥ ከሆነ 300 ለ30 ሲካፈል 10 ይሆናል፤ በ10ሩ ላይ ሲደመር እስከ 20 ሜትር ያስኬዳል። ያው ቦታ ገላጣ ሜዳ ቢሆን ኖሮ የሚፈቀደው 13 ሜትር ብቻ ነበር።

ይህ ሐሳብ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን በኔዘርላንድስ አካባቢ ነፋስ ራሱ መብት ሆኖ ይሸጥ ነበር፤ ባለወፍጮው ለጌታው ግብር ከፍሎ ነፋሱን የመጠቀም ፈቃድ ይቀበላል፣ በአካባቢው ነፋስ የሚከልል ነገር እንዳይሠራና እንዳይተከል ጥበቃ ያገኝ ነበር። ጌታው ሄዷል፤ መሠረታዊው ስሌት ግን ትክክል ነበር። ወፍጮ ሰጥቶ ነፋስ መንሳት ምንም እንዳልሰጡ ነው።

ከሕንፃ ይልቅ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ዛፍ ነው። ሕንፃ ሲሠራ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ሰው ይከራከራል። ዛፍ ችግኝ ሆኖ ይተከላል፤ ብዙ ጊዜ የሚተከለውም የወፍጮውን አደባባይ ለማስዋብ ተብሎ ነው። ከ30 ዓመት በኋላ ከክንፎቹ እኩል ሆኖ ይገኛል። በዚያን ጊዜ ሰፈሩ ዛፉን ወዶታል፣ ልጆች በጥላው ሥር አድገዋል፣ «ለአንድ አሮጌ ወፍጮ ሲባል ዛፍ ይቆረጥ» ማለት ጭካኔ ይመስላል። ይህን ጠብ የሚያስቀረው በመጀመሪያው ቀን አጭር ሆኖ የሚቀር ተክል መምረጥ ብቻ ነው።

ያልተንቀሳቀሰ ወፍጮ

«ታዲያ መዞሩ ለምን አስፈለገ? ቆሞ ቢታይ አይበቃም?» የሚል ይኖራል። ለዚህ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ የአናጢ መልስ ነው። ወፍጮ ሲቆም ይበሰብሳል። ክንፎቹ ለዓመታት በአንድ አቅጣጫ ከቆሙ ዝናቡ ሁልጊዜ በአንድ ጎን፣ በአንድ መገጣጠሚያ ላይ ይጠራቀማል፤ የዘንጉ ክብደትም ሁልጊዜ በአንድ ነጥብ ላይ ያርፋል። ሲዞር ግን እርጥበቱ ይራገፋል፣ መገጣጠሚያዎቹ ሰም ወይም ሞራ ይቀባሉ፣ አንድ ጥርስ ቢላላ ወይም እንጨት ቢሰነጠቅ የሚሠራው ሰው በድምፁ ያውቀዋል። በየሳምንቱ የሚዞር ወፍጮ በየሳምንቱ ተመረመረ ማለት ነው።

ሁለተኛው መልስ ስለ ዕውቀት ነው። በ200 ዓመት ወፍጮ ውስጥ 200 ዓመት የሞላው እንጨት ጥቂት ነው። ክንፎቹ በየጥቂት አሥርት ዓመታት ይለወጣሉ፣ ጥርሶቹ ይተካሉ፣ ሸራው ያልቃል፣ የድንጋዮቹ ገጽ እየደነዘ በየጊዜው እንደ አዲስ ይወቀራል። ስለዚህ «ጥንታዊነቱ የቱ ጋ ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በ1994 በጃፓን ናራ ከተማ የወጣው የቅርስ እውነተኛነት ሰነድ ለዚህ ጥሩ መልስ አለው፤ የአንድ ቅርስ እውነተኛነት በቁሱ ብቻ ሳይሆን በአገልግሎቱ፣ በአሠራር ዘዴውና በወጉ ጭምር ሊመዘን እንደሚችል ይገልጻል። በዚህ ሚዛን ከሄድን፣ አዲስ ክንፍ ገጥሞ በድሮው ዘዴ የሚፈጭ ወፍጮ፣ የድሮ እንጨቱን ይዞ ተቸንክሮ ከቆመው ይልቅ ለትናንቱ ይቀርባል። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ያ ዕውቀት ደግሞ በሰው እጅ ነው ያለው። በኔዘርላንድስ የበጎ ፈቃደኛ ወፍጮ አንቀሳቃሾች ማኅበር የተመሠረተው በ1972 ነው፤ ከወፍጮ የሚተዳደር ባለሙያ ሊጠፋ ሲቃረብ መምህራን፣ ጡረተኞች፣ ወጣቶች ቅዳሜና እሑዳቸውን ሰጥተው ሙያውን ተማሩ። ትምህርቱ በአንድ ወቅት አያልቅም፤ የክረምቱን ማዕበል፣ የበጋውን ድንገተኛ ነጎድጓድ፣ ሰማዩ ሲጠቁር ሸራ ለማጠፍ ምን ያህል ጊዜ እንዳለ በአካል ማየት ይጠይቃል። ዩኔስኮ በ2017 በነፋስና በውኃ ወፍጮ የመፍጨትን ሙያ በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። የተመዘገበው ሕንፃው ሳይሆን ሙያው መሆኑን ልብ ይሏል።

የሙያው አንዱ ክፍል ከሰፈር ጋር መነጋገር ነው። በደች ልማድ ክንፎቹ የሚቆሙበት አኳኋን መልእክት አለው። አንዱ ክንፍ ጫፍ ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከቆመ የደስታ፣ ጫፉን ጥቂት አልፎ ከቆመ የሐዘን ምልክት ነው። በሐምሌ 2014 የማሌዥያ የመንገደኞች አውሮፕላን በዩክሬን ሰማይ ላይ ተመትቶ 298 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከሟቾቹ አብዛኞቹ ደቾች ስለነበሩ፣ በአገሪቱ ያሉ ብዙ ወፍጮዎች ክንፋቸውን በሐዘን አቋም አቁመው ነበር። ይህን ማድረግ የሚችለው የሚንቀሳቀስ ክንፍና የሚያንቀሳቅሰው ሰው ያለው ወፍጮ ብቻ ነው።

ነፋሱ ካለቀ በኋላ

ነፋሱ ጨርሶ የተዘጋባቸውስ? ሁሉም ወፍጮ ወደ ነፋሱ ሊመለስ አይችልም፤ አንድ ሙሉ ሰፈር አፍርሶ ነፋስ መክፈትን የሚጠይቅ ጤነኛ ሰው የለም። ብሪክስተን ለዚህ መልካም መንገድ አሳይቷል። ወፍጮው ለአሥርት ዓመታት ሲታደስና መልሶ ሲጎዳ ከቆየ በኋላ፣ በ2003 የሰፈሩ ሰዎች የወዳጆች ማኅበር አቋቁመው ሲጎተጉቱ በ2011 ታድሶ ተከፈተ። ዛሬ ዱቄት ይፈጫል፤ የሚፈጨው ግን በኤሌክትሪክ በሚዞሩት ድንጋዮች ነው። ይህ ማጭበርበር አይመስለኝም። ሕንፃው ከ1902 ጀምሮ በሞተር የፈጨ ነውና ያም የራሱ ታሪክ አካል ነው፤ ጎብኚውም እህል ሲገባና ዱቄት ሲወጣ በዓይኑ ያያል።

የፓሪሱ ሞንማርትር ኮረብታ ሌላ ዓይነት ነው። በአንድ ወቅት ወፍጮ የበዛበት ይህ ኮረብታ ዛሬ የሚታወቀው በሁለት ይመስለኛል፤ በ1622 በተሠራው ብሉት ፋንና በ1717 በተሠራው ራዴ። የወፍጮዎቹ ግቢ በ19ኛው መቶ ዓመት የጭፈራ ቦታ ሆነ፤ ሠዓሊው ሬኗር በ1876 የሣለው የታወቀ ሥዕል ያንን ግቢ ያሳያል። ራዴ በ1924 ተነሥቶ ወደ መንገድ ማዕዘን ተዛወረ፣ አሁን ከምግብ ቤት በላይ ቆሟል። ወፍጮነቱ ቀርቷል፤ የሰፈሩ ምልክትነቱ ግን አልቀረም። ለምልክትነቱ ዋጋ እሰጣለሁ። የሚያሳዝነኝ ሌላው ነው፤ ገና ነፋስ ያላቸው ወፍጮዎች ሳይታወቅ ወደዚሁ ደረጃ ሲገፉ ማየት።

የሳን ፍራንሲስኮ ወፍጮዎች እህል ፈጭተው አያውቁም። በጎልደን ጌት ፓርክ ምዕራባዊ ጫፍ በ1903 እና በ1908 የተሠሩት ሁለት ወፍጮዎች አሸዋማውን መሬት ወደ መናፈሻ ለመለወጥ ውኃ ይስቡ ነበር። ኤሌክትሪክ ፓምፕ ሲመጣ ሥራ ፈቱ፣ ለአሥርት ዓመታትም ተበላሽተው ቆዩ። ሁለተኛውን ለማደስ ቆቡ ተነቅሎ ውቅያኖስ ተሻግሮ ወደ ኔዘርላንድስ ተልኮ ነበር፤ ሙያው ወዳለበት አገር ማለት ነው።

የመኖሪያ ቤት እጥረት ባለበት ከተማ ለወፍጮ ሲባል የፎቅ ቁመት መገደብ ቀላል ጥያቄ አይደለም፣ የቤት ፈላጊውም ቅሬታ እውነተኛ ነው። ነገር ግን በአብዛኛው ምርጫው ቤት ወይስ ወፍጮ የሚል አይደለም። ነፋስ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል አይነፍስም፤ በእያንዳንዱ ቦታ የሚበዛበት አቅጣጫ አለ። ረጃጅሞቹን ሕንፃዎች ነፋሱ እምብዛም ከማይመጣበት ወገን ማድረግ፣ በሚበዛበት ወገን ዝቅ ማለት ይቻላል፤ የቤቱ ቁጥርም ላይቀንስ ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን ዕቅዱ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ከታሰበበት ነው።

ስለዚህ በሰፈርዎ የነፋስ ወፍጮ ካለና በአጠገቡ ግንባታ ከታቀደ፣ በስብሰባው ላይ የሚጠይቁት ነገር ውበትን የሚመለከት ብቻ አይሁን። የክንፉ የታችኛው ጫፍ ከመሬት ስንት ሜትር ነው? ነፋሱ የሚበዛው ከየት ወገን ነው? የታቀደው ሕንፃ ከወፍጮው ስንት ሜትር ይርቃል፣ ቁመቱስ ስንት ነው? በግቢው የሚተከሉት ዛፎች ሲያድጉ ስንት ሜትር ይደርሳሉ? የመጨረሻው ጥያቄ በዕቅድ ሰነዶች ላይ መልሱ እምብዛም አይገኝም፤ በጽሑፍ እንዲመለስ ይጠይቁ።